የምንረጨው መድኃኒትና የምንውጠው መድኃኒት

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍል በኩል የቀረበ ንግግር



ከሒሳብ ክፍል ሁልጊዜ የምትሰሙት የቁጠባ፣ የብድርና የማኅበራዊ ፈንድ ሪፖርት ነው። የዛሬውን ጠዋት አንብበን ጨርሰናል። አሁን የቆምነው ባለፈው ጉባኤ ለሦስታችን በሰጣችሁን ሥራ ነው። «ይህ ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ከየት መጣ? ከምንረጨው ኬሚካል ነው ወይ? መድኃኒቱስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ጠይቁና ንገሩን» ብላችሁን ነበር። የጤና ባለሙያዎችን አነጋግረናል፤ ያገኘነውንም አንብበናል። ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ የተረጋገጠውን ከተጠረጠረው ለይተን፣ ገቢን ከወጪ እንደምንለይ ሁሉ በየዓምዱ አስቀምጠን እናቀርብላችኋለን።

ሥራውን ስንጀምር መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው በአንድ ቃል ላይ ነው። በቋንቋችን «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ለቲማቲሙና ለሽንኩርቱ የሚረጨውን «መድኃኒት» እንለዋለን፤ «የአረም መድኃኒት»፣ «የትል መድኃኒት» እያልን እንገዛዋለን። ከፋርማሲ አምጥተን የምንውጠውም መድኃኒት ነው። በአካባቢያችን የሚታየው ጥርጣሬ ግን ቦታውን የተለዋወጠ ይመስላል። የሚረጨውን ያለ ጓንት በባዶ እጁ የሚበጠብጥ ሰው፣ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን «ይጎዳኛል» ብሎ ትራሱ ሥር ይደብቃል። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ጥርጣሬያችን ወደሚገባው ቦታ ይመለስ። የሚረጨውን አጥብቀን እንጠርጥር፤ የሚዋጠውን ደግሞ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ እንመዝን።

በሽታው ምንድን ነው?

በሽታው ስሙን ያገኘው ጀምስ ፓርኪንሰን ከሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ ባሳተመው ጽሑፍ የስድስት ሰዎችን ሕመም ዘርዝሮ አስረዳ። በአንጎላችን ሥር በኩል ጠቆር ያለ ቀለም ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። እጃችን ስንፈልግ እንዲዘረጋ፣ እግራችን ሳይጎተት እንዲራመድ የሚያደርገው መልእክት የሚተላለፈው በእሱ አማካይነት ነው። በፓርኪንሰን እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ምልክቱ በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል ተብሎ ይገመታል። ቁጠባ ሳናውቀው ሲመናመን ቆይቶ፣ ገንዘብ ልናወጣ የሄድን ዕለት «ደብተርሽ ባዶ ነው» እንደመባል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ቁጥሩም በ25 ዓመታት ውስጥ በእጥፍ ጨምሯል። አንዱ ምክንያት ሰው ዕድሜው መርዘሙ ነው፤ ፓርኪንሰን በአብዛኛው ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ በሽታ ነውና። ባለሙያዎች ግን ዕድሜ ብቻውን ጭማሪውን ሁሉ ያስረዳል ብለው አያምኑም።

ብዙ ሰው ፓርኪንሰን ማለት መንቀጥቀጥ ብቻ ይመስለዋል። ጨርሶ የማይንቀጠቀጡ ሕሙማን አሉ። ዋናው ምልክት መዘግየት ነው። ከበርጩማ መነሳት ይከብዳል፤ ሊጡን ምጣዱ ላይ ማዞር ዳገት ይሆናል፤ አንዱ ክንድ በእርምጃ ጊዜ አይወዛወዝም። ድምፅ ይሰላል። ፊት ይደርቃል፤ ፈገግታ እንደ ልብ አይመጣም። እዚህ ላይ ነው ጎረቤት የሚሳሳተው። «ኮራች፣ ሰላም እንኳ አትልም» ይባላል። «ሰነፈች» ይባላል። አንዳንዴም «ጠጥታ ነው የምትንገዳገደው» ይባላል። ከዚህ ሁሉ ዓመታት ቀድመው የሚመጡ ምልክቶችም አሉ፦ ሽታ አለመለየት፣ የቆየ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮኽና መፈራገጥ። እነዚህ ብቻቸውን ፓርኪንሰን ማለት አይደሉም፤ ሌላ ምክንያትም ይኖራቸዋል። ከመዘግየቱ ጋር ሲደራረቡ ግን ለሐኪም የሚነገሩ ናቸው።

አንድ ምልክት ደግሞ በእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ነው። ሕመሙ የእጅ ጽሕፈትን ያሳንሳል፤ ፊደሉ እየጠበበና እየተጠጋጋ ይሄዳል። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ታሪኩን ንገሩ ስሜን ግን አትጥሩ ያሉን እናት አሉ። የቁጠባ ደብተራቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ብንገልጥ ፊርማቸው ከመስመር መስመር የሚሞላ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ፊርማ የጤፍ ፍሬ አክሏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተሰባቸው «ቡዳ ነው» ብሎ ደክሟል፤ «ድካም ነው» ብሎ ቫይታሚን ገዝቷል። የሕመሙ ስም የታወቀው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ነው። ባለቤታቸው በሰው እርሻ ላይ ኬሚካል ረጪ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ መበጥበጫውን ውኃ ያቀርቡ ነበር፤ ማታ የተረጨበትን ልብስ በእጃቸው ያጥቡ ነበር። ሕመማቸው ከዚያ ነው የመጣው ብሎ ሊፈርድ የሚችል ሐኪም የለም፤ እኛም አንፈርድም። ጥያቄውን ግን ለሁላችን የጫሩት እሳቸው ናቸው።

ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ እርግጡን እንናገር። የአብዛኛው ሕመምተኛ በሽታ ከዚህ ነገር መጣ ብሎ በአንድ ጣት የሚጠቆም ምክንያት የለም። ከጥቂቶች ላይ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት ይገኛል። ለቀሩት ግን ዘር፣ ዕድሜና የሚኖሩበት አካባቢ ተደጋግፈው እንደሚያመጡት ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በሺዎች በሚቆጠሩ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። በሽታው ከ50 ዓመት በኋላ ሲጀምር፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ መንትዮች እንኳ ሁለቱም የመታመማቸው ዕድል ከሌሎቹ መንትዮች የበለጠ አልነበረም። ዘር ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲታመም ሌላውም ባልቀረ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ አካባቢው አዞሩ።

ከዚያ በፊት ግን መንገዱን ያሳየ አንድ አሳዛኝ ነገር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ጥቂት ወጣቶች በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቀው፣ መናገርም መንቀሳቀስም ተስኗቸው ሆስፒታል ገቡ። ዊሊያም ላንግስተን የሚባል የነርቭ ሐኪም ሲመረምራቸው በዕድሜ የገፉ የፓርኪንሰን ሕሙማንን መሰሉት። ሁሉም በድብቅ የተቀመመ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ወስደው ነበር፤ ዕፁ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ተገኘበት። ይህ መርዝ አንጎል ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ እነዚያኑ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ይገድላል። በዚህም ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ፓርኪንሰንን የሚመስል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ፊት ለፊት ታየ። ባለሙያዎቹን የበለጠ ያስደነገጣቸው ደግሞ ከመርዙ የሚወጣው ነገር በኬሚካላዊ አሠራሩ ፓራኳት የሚባለውን የአረም ማጥፊያ መምሰሉ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ገበሬዎችና ረጪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ውጤት ወጣ፤ ፓራኳት ወይም ሮቴኖን የተጠቀሙ ሰዎች ካልተጠቀሙት ይልቅ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ማብራሪያ እንጨምር። ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት የነካው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ከ200 ሰው 2 የሚታመሙ ቢሆን፣ ቁጥሩ ወደ 5 ከፍ ይላል ማለት ነው፤ 195ቱ አይታመሙም። ስለዚህ ባሏ ወይም ልጇ ረጪ የነበረች እህት ዛሬ ማታ እንቅልፍ አትጣ። ነገር ግን መከላከል የሚቻለው ሦስት ሰው ቢሆን እንኳ ሦስት ቤት ነው።

በዚያው ጥናት ላይ ቆይቶ የተጨመረው ግኝት ለእኛ ከሁሉ ይበልጣል። በአንዳንዶቹ ኬሚካሎችና በበሽታው መካከል ያለው ግንኙነት ጎልቶ የታየው ጓንት በማያዘወትሩት ሰዎች ላይ ነበር። በእጃችን ያለ መፍትሔ ማለት ይህ ነው።

ሮቴኖን የሚባለው ደግሞ ከእኛም ተክል ውስጥ ያለ ነው። ብርብራን ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን አደንዝዞ ያንሳፍፈዋል፤ አያቶቻችን ያውቁበት ነበር። ፍሬው ውስጥ ከሚገኙት መርዞች አንዱ ሮቴኖን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሮቴኖንን ለአይጦች ለሳምንታት በትንሽ በትንሹ ሰጥተው፣ አይጦቹ ላይ የፓርኪንሰን ምልክትና ዓይነተኛውን የአንጎል ጉዳት አይተዋል። «ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ጉዳዩ የእርሻ ብቻ አይደለም። ብረት ከቅባት ለማጽዳትና ለደረቅ እጥበት ሲያገለግል የኖረ ትራይክሎሮኤትሊን የሚባል ፈሳሽ አለ። በአሜሪካ ካምፕ ለዡን በሚባል የጦር ሰፈር የመጠጥ ውኃው በዚህና በመሰል ኬሚካሎች ለዓመታት ተበክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በዚያ ያገለገሉ ወታደሮች፣ ውኃው ባልተበከለበት ሌላ ሰፈር ካገለገሉት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው በ70 በመቶ ከፍ ብሏል። ከጋራዥ ወይም ከልብስ ንጽሕና መስጫ የሚውል ሰው ያላችሁ፣ ሥራው የሚሠራበት ክፍል አየር እንዲገባበት ምከሩ። ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ጭስም በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተሳበ ፓርኪንሰንን የሚመስል ሕመም ያመጣል፤ ብየዳ ላይ ላሉ ልጆቻችን ይህም ይነገር።

አሁን በሌላው ዓምድ ያለውን እናንብብ። የፓራኳት አምራቾች ኬሚካሉ ፓርኪንሰንን እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም ይላሉ፤ ክርክሩ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ቀርቧል። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግንኙነትን እንጂ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መንስኤውን አያሳዩም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መንግሥታት እስኪረጋገጥ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ስዊዘርላንድ ፓራኳትን ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከገበያው አስወጥቶታል። ፓራኳት ቢዋጥ በጥቂቱም የሚገድል፣ ማርከሻ የሌለው መርዝ መሆኑ ደግሞ ማንንም አያከራክርም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 በፀረ ተባይ ሥራ ላይ የቆዩ ገበሬዎች የሚይዛቸውን ፓርኪንሰን ከሥራ የሚመጣ በሽታ ብላ አውቃለች፤ የታመመ ገበሬ ካሣ ያገኛል ማለት ነው። እዚያ ረጪው ይካሳል። እዚህ ረጪው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ያረፈበትን ቀን እንኳ የሚከፍለው የለም።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አግኝተናል። ቡና የሚጠጡ ሰዎች በፓርኪንሰን የሚያዙበት ዕድል አነስ ያለ መሆኑን በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ቡናው ይከላከላል ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ቢያንስ ግን ቡናችንን የምንተውበት ምክንያት አላገኘንም።

በእኛ ዘንድ እንዴት ነው?

ከሐይቁ ዳር እስከ መንገዱ ድረስ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከዚያ ይለቅማሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይቀጠራሉ። የምናየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርጫው ጀርባ ላይ እያንጠባጠበ ይታዘላል። በነፋስ ፊት ለፊት ይረጫል። ሁለት ሦስት ዓይነት ኬሚካል «እንዲበረታ» ተብሎ በአንድ ባልዲ ይበጠበጣል፤ በእንጨት ካልሆነ በእጅ ይማሰላል። በትንሽ ፌስታል ተከፋፍሎ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ኬሚካል በገበያ ይሸጣል። ባዶው ጀሪካን ይታጠብና ውኃ ይቀዳበታል፤ ዘይት ይገባበታል። ልጅ ያዘለች እናት ከተረጨ በማግሥቱ ለቀማ ትገባለች።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ፤ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጁ ግን ጓንት አያጠልቅልንም። ጀሪካኑን የምታጥበው፣ ልብሱን የምትነክረው፣ ጎመኑን የምትከትፈው ሴት ናት። ጉዳቱ በሴት እጅ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ መከላከሉም ከሴት ማኅበር ቢጀምር የሚያስገርም አይደለም።

በሕክምናው ላይ የሚነሱ ጥርጣሬዎች

አሁን ወደሚዋጠው መድኃኒት እንምጣ። ሐቁን ሳንሸፋፍን እንናገር፦ ፓርኪንሰንን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። የሕዋሳቱን መሞት የሚያቆም መሆኑ የተረጋገጠም የለም። ያለው የጎደለውን የሚተካ ነው። ዋናው ሌቮዶፓ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከካርቢዶፓ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ከ1960ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ነው። ከዚህ ተነሥተን የሰማናቸውን ጥርጣሬዎች አንድ በአንድ እንይ።

«ካላዳነ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። የስኳር መድኃኒትም ስኳርን አያድንም፤ ግን ሰው ይሠራበታል፣ ልጅ ያሳድግበታል። በደንብ የተስማማው ሰው ራሱ ይለብሳል፣ ይበላል፣ ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

«ቶሎ ከጀመርሽው ጉልበቱ ያልቃል፤ ለክፉ ቀን አቆዪው» የሚለው በጣም የተለመደ ነው፤ ሐኪሞችም ዘንድ ለብዙ ዓመታት የነበረ ስጋት ነው። ለዚህ መልስ ከሰጡት መካከል አንዱ ጥናት ከአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ጥናት የጋናንና የጣሊያንን ሕሙማን አነጻጸረ። ጋናውያኑ መድኃኒቱ ባለመገኘቱ ዘግይተው የጀመሩ ነበሩ። ዘግይተው በመጀመራቸው የተረፋቸው ነገር ግን አልነበረም፤ የመድኃኒቱ ጉልበት መዋዠቅና ያለፈቃድ መወራጨት በሁለቱም አገር የመጣው ከሞላ ጎደል በሽታው እኩል ዕድሜ ሲደርስ ነው። ችግሩን የሚያመጣው በዋናነት የበሽታው መግፋት እንጂ የኪኒኑ ቀድሞ መጀመር አይደለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሆላንድ የወጣ ሌላ ጥናትም ቀድሞ መጀመር በሽታውን እንደማያፋጥን፣ እንደማያዘገይም አሳይቷል። ስለዚህ ኪኒኑን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ትርፍ የለውም፤ የሚያልፈው መልካም ቀን ነው።

ያነሣናቸው እናት ይህን ዋጋ ከፍለዋል። መድኃኒቱን ጀምረው እንጀራ መጋገር ከተመለሱ በኋላ፣ «ይለቅብሻል» የሚል ምክር ሰምተው በራሳቸው አቋረጡት። ሳምንት ሳይቆዩ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ወድቀው እጃቸውን ተሰበሩ። ዛሬ ተመልሰው ጀምረዋል። ጠዋት ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ የኪኒኑ ጉልበት ሲቀንስ ይቀመጣሉ። ፍጹም ጤና አይደለም፤ ግን የራሳቸው ጠዋት አላቸው። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና ብርቱ የጡንቻ መገታተር ሊያስከትል የሚችል አደገኛ ነገር መሆኑን ሁላችሁም ያዙልን።

«መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳል» የሚለው ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ሲነሡ ማዞር፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየት ሊያመጣ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያለፈቃድ መወራጨት ይመጣል። ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባለው ሌላ መድኃኒት ለመንቀጥቀጡ ይረዳል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ግን ሊያደናግርና ሊያስረሳ ይችላል። እናታችን ኪኒን ከጀመሩ በኋላ «ጃጁ» ከተባሉ፣ ለሐኪሙ የሚነገር እንጂ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። የጎንዮሽ ጉዳት መጠን ወይም ሰዓት በማስተካከል ብዙ ጊዜ ይቀላል። የሚያስተካክለው ግን ሐኪሙ ነው።

«ጸበል ይሻላል» ለሚሉት፣ እኛ በእምነት ላይ ቃል የለንም። ጸበል የሚጠመቁ ይጠመቁ፤ ዱዓ የሚያስደርጉ ያስደርጉ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው እንደነበር አስታውሱ። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ኪኒኑ በከረጢቱ ውስጥ አብሮ ይሂድ።

«የባህል መድኃኒትስ?» ለሚለው ደግሞ፣ ሳይንሱም ተክልን አይንቅም። ሙኩና የሚባለው ባቄላ መሰል ተክል ፍሬው ውስጥ ሌቮዶፓ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በቦሊቪያ 18 ሕሙማን ላይ በሐኪም ቁጥጥር ተሞክሮ ሠርቷል። ነገር ግን በማንኪያ የሚለካ ዱቄት ውስጥ ስንት እንዳለ አይታወቅም፤ ከኪኒኑ ጋር ሲደረብ መጠኑ ይበዛል። ያልተመጠነ መድኃኒት ያልተመዘነ ዕቃ ነው፤ ዋጋውን አናውቀውም። «ሙሉ በሙሉ እናድናለን» እያሉ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁትን ግን፣ ውጭ አገር ያለ ሐኪምም ይሁኑ የሰፈር አዋቂ፣ ገንዘባችሁን አትስጧቸው።

ለአስታማሚ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችንም እንንገራችሁ። ኪኒኑ በሰዓቱ ይወሰድ። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ጋር አንድ ላይ ሲገባ ጉልበቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢወሰድ ይሻላል፤ የሚያቅለሸልሻት ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ፓርኪንሰንን ያባብሳሉ፤ ስለዚህ የትም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ፓርኪንሰን አለባት» ብላችሁ አስቀድሙ። በየቀኑ መራመድና ሰውነትን ማፍታታት እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው፤ ወጪውም ምንም ነው። አዲስ አበባ ላይ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ድርጅት አለ፤ ከሕሙማኑ ራሳቸው ብዙ መማር ይቻላል።

ሒሳቡና የምናቀርበው ሐሳብ

የታማሚዋን ወጪ ስንመዘግብ በደረሰኝ የሚገባው ትንሹ ነው፦ ኪኒን፣ የካርድ፣ የመኪና። የነርቭ ሐኪሞች አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ መንገዱ ራሱ ወጪ ነው። ደረሰኝ የሌለው ግን ይበልጣል። ያነሣናቸው እናት ልጅ ከትምህርት ቀርታ ነው የምታስታምመው። የእሷን ጠፍቶ የቀረ ዓመት በየትኛው ዓምድ እንደምናስገባው አላወቅንም፤ መዝገቡ ላይ ግን አለ ብለን እናምናለን። ኪኒኑ በተቋረጠ ቁጥር እናት አልጋ ላይ፣ ልጅም ከአልጋው ጎን ትቀራለች። ስለዚህ የኪኒን አለመቋረጥ የልጅቷ የትምህርት ጉዳይም ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ሐሳቦች ለድምፅ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የአፍ መሸፈኛ በጅምላ ተገዝቶ፣ በኬሚካል ሥራ ላይ ሰው ላላቸው አባሎች በዱቤ ይከፋፈል። የተረጨበት ልብስ ለብቻው፣ በጓንት ይታጠብ። ኬሚካሉን ስንገዛ ሙሉ ስሙ የተጻፈበትን ብቻ እንግዛ፤ «ፓራኳት» የሚል ቃል ካየን ሌላ ዘዴ እንዳለ የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ። ባዶውን ጀሪካን ሦስት ጊዜ አለቅልቀን ውኃውን መርጫው ውስጥ ጨምረን፣ ጀሪካኑን በስተን እንጣል እንጂ ለቤት አናውለው።

ሁለተኛ፣ ቋሚ መድኃኒት ለሚወስዱ አባሎች ወለድ የሌለው «የመድኃኒት ብድር» ይከፈት። ለፓርኪንሰን ብቻ ሳይሆን ለስኳርና ለደም ግፊትም ይሁን። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ አስቀድሞ የሁለትና የሦስት ወር መግዛት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ አባሎች በተራ እየተመደቡ የታመመችውን እናት ከሐኪም ያድርሱ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቤቷ ይዋሉ፤ ልጅቷም ወደ ክፍሏ ትመለስ።

ለተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን የምንለው አጭር ነው። አንድ ጊዜ የሚመጣ ካርቶን ሙሉ መድኃኒት ያስደስታል፤ ካለቀ በኋላ ግን ሕመምተኛዋ ከነበረችበት ወደ ባሰ ትወድቃለች። ትንሽም ቢሆን በየወሩ ሳይቋረጥ የሚመጣ ድጋፍ ይበልጥብናል። የብድሩ መነሻ ገንዘብ ላይ ብታግዙን፣ ተመላሹን እኛ እናዞረዋለን፤ ሒሳቡም እንደተለመደው በየሩብ ዓመቱ ይደርሳችኋል።

እናቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ፊርማዋ እያነሰ የመጣ፣ ፊቷ የደረቀ፣ እጇ የዘገየ እህት አጠገባችሁ ካለች ኮራች አትበሏት፤ ይዛችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከእርሻ ለሚመለሰው ባላችሁም ዛሬ ማታ ስለ ጓንቱ ንገሩት።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ እጅ በማውጣት ድምፅ እንሰጣለን።